ከ«ዳቦ ጠባቂ» እስከ «ጌታ»፦ የጥንት አንግሎ ሳክሶኖች ኑሮና ማኅበራዊ ሥርዓት በቃላቸው ሲመረመር

1. መነሻ

የጥንት ሕዝብ ኑሮ በሁለት ዓይነት ቅሪት ይታወቃል። አንደኛው ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣው ነው፤ የምሰሶ ጉድጓድ፣ የገል ስባሪ፣ ከእንዝርት የተረፈ ክብ ድንጋይ፣ የዛገ ጦር። ሁለተኛው ቃል ነው። ከመሬት የሚወጣው ቅሪት ሰዎቹ ምን እንደ ነበራቸው ይናገራል፤ ቃሉ ደግሞ ያንን ነገር ምን ብለው እንደ ጠሩትና እርስ በርሳቸው በምን ዓይን እንደሚተያዩ ያስረዳል። ስለዚህ ቃሉ በትርጉም ጊዜ የተዛባ እንደ ሆነ ከታሪኩ ገሚሱ አብሮ ይጠፋል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከ5ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ እስከ 700 ዓመተ ምሕረት ገደማ በብሪታንያ ደሴት የኖሩትን የአንግሎ ሳክሶኖች የዕለት ኑሮ በቃላቸው በኩል መመልከትና፣ እነዚህን ቃላት ወደ አማርኛ ለመመለስ ምን ዓይነት ጥንቃቄ እንደሚያሻ ማመልከት ነው። ችግሩ በሁለት ወገን ይመጣል። በአንድ በኩል ቃላቱ ወደ እኛ የሚደርሱት በዘመናዊው እንግሊዝኛ በኩል ስለ ሆነ፣ የሺሕ ዓመት ለውጥ ተሸክመው ነው የሚመጡት። በሌላ በኩል ደግሞ አማርኛችን በቤተ መንግሥትና በመሬት ሥርዓት ስያሜዎች እጅግ የበለጸገ ነው፤ ጌታ፣ ባላባት፣ ጭፍራ፣ ገባር፣ ጭሰኛ፣ ርስት፣ ጉልት የሚሉት ቃላት ሁሉ ለተርጓሚው እጅ ቅርብ ናቸው። ነገር ግን እያንዳንዳቸው የራሳቸው ታሪክ አላቸው። ቅርብ በመሆናቸው ብቻ የተመረጡ እንደ ሆነ፣ አንባቢው የኬንትን ገበሬ የሚያየው በራሱ አያት ልብስ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የጥንታዊ እንግሊዝኛ ቃላት በፊደላችን የተጻፉት ለአንባቢ በሚቀልለው መንገድ እንጂ እያንዳንዱን ድምፅ በሚወክል አኳኋን አይደለም።

2. ምንጮቹ

የሮማውያን አገዛዝ በብሪታንያ ያከተመው በ410 ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ከሰሜን ባሕር ማዶ የመጡት ሕዝቦች፣ ቢድ የተባለው መነኵሴ በ731 በፈጸመው የቤተ ክርስቲያን ታሪኩ እንደ ዘረዘራቸው፣ አንግሎች፣ ሳክሶኖችና ጁቶች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ለመጀመሪያዎቹ መቶ ሃምሳ ዓመታት ያህል በመጽሐፍ ያስቀመጡልን ነገር የለም። ጽሕፈት የተስፋፋው በ597 አውግስጢኖስ የተባለው ሚሲዮናዊ ከሮም ወደ ኬንት ከመጣ በኋላ ነው።

ለቃል አጥኚ ከሁሉ የሚበልጡት ምንጮች ሁለት ሕጎች ናቸው። የመጀመሪያው የኬንት ንጉሥ የኤቴልበርት ሕግ ሲሆን፣ የወጣው በ600 ገደማ ነው። በላቲን ሳይሆን በሕዝቡ በራሱ ቋንቋ በመጻፉ በእንግሊዝኛ ከተጻፉት ሰነዶች ሁሉ ቀዳሚ ሆኖ ይቈጠራል፤ ዛሬ የሚገኘው ግን በ12ኛው መቶ ዓመት በተገለበጠ አንድ የብራና መጽሐፍ ብቻ ነው። ሁለተኛው ከ688 እስከ 726 የነገሠው የዌሴክስ ንጉሥ የኢኔ ሕግ ነው። ይህም ሊተርፍ የቻለው በ9ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ንጉሥ አልፍሬድ ከራሱ ሕግ ጋር አያይዞ ስላስጻፈው ነው።

ከመሬት በኩል ደግሞ በሰፎክ ግዛት ዌስት ስቶው በተባለው ሥፍራ ከ1965 እስከ 1972፣ በኤሴክስም መኪንግ በተባለው ሥፍራ ከ1965 እስከ 1978 የተካሄዱት ቁፋሮዎች ተጠቃሾች ናቸው። ወለሉ ወደ መሬት ተቆፍሮ የተሠራ አነስተኛ ጎጆ በመኪንግ ብቻ ከ200 በላይ ተገኝቷል። ከነዚህ ጎጆዎች ብዙዎቹ ለሽመና ያገለግሉ እንደ ነበር የድር መወጠሪያ የሸክላ ክብደቶች ይመሰክራሉ። ከጎጆዎቹ መካከል በምሰሶ የቆሙ፣ አራት ማዕዘን ያላቸው አዳራሾች ነበሩ፤ ቤተሰቡ የሚሰበሰበውና የሚመገበው በእነዚህ ነበር።

3. ዳቦና ሥልጣን

ዛሬ በዓለም የታወቀው «ሎርድ» የሚለው ቃል በጥንታዊው እንግሊዝኛ ህላፎርድ ይባል ነበር። የቃሉ ሥር ሁለት ነው፤ «ህላፍ» ማለት ዳቦ፣ «ዌርድ» ማለት ጠባቂ ነው። ስለዚህ ጌታ ማለት «ዳቦ ጠባቂ» ነበር ማለት ነው። «ሌዲ» የሚለውም እንደዚሁ ህላፍዲጌ ከሚለው የተገኘ ሲሆን «ዳቦ አቡኪ» ማለት ነው። ሦስተኛው ቃል ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ በኤቴልበርት ሕግ ውስጥ በአንድ ቤት ሥር ሆኖ የሚያድር ሰው «ህላፍኤታ» ይባላል፤ ይኸውም «ዳቦ በላተኛ» ማለት ነው። አንዱ ይጠብቃል፣ አንዷ ታቦካለች፣ ሌላው ይበላል። የቤቱ ማኅበራዊ ሥርዓት በአንድ ምግብ ስም ተጠቃሎ ተነግሯል።

አማርኛ በዚህ ረገድ የተለየ መንገድ ይዟል። እኛ የቤትን ሥልጣን የሰየምነው በዳቦ ሳይሆን በቤቱ በራሱ ነው፤ «እመቤት» የቤት እናት ናት፣ «ባለቤት» ቤት ያለው ነው። ይሁን እንጂ እንጀራም ከዝምድና ቃሎቻችን አልራቀም። «የእንጀራ አባት»፣ «የእንጀራ ልጅ» የሚሉት ስያሜዎች በሥጋ ሳይሆን በመመገብ የሚመሠረትን ዝምድና ይገልጻሉ፤ «ባልንጀራ» የሚለውም ቃል «ባለ እንጀራ» ከሚለው ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ የአንግሎ ሳክሶኑ አስተሳሰብ ለአማርኛ ተናጋሪ ባዕድ አይደለም።

ነገር ግን ይህ ቅርበት ራሱ ወጥመድ ሊሆን ይችላል። «ህላፍኤታ»ን «የእንጀራ ልጅ» ብሎ የሚተረጉም ሰው ሥርወ ቃሉን ያገኘ መስሎት ትርጉሙን ይስታል፤ ምክንያቱም የኬንቱ ዳቦ በላተኛ የሚስት ወይም የባል ልጅ ሳይሆን በሌላው ቤት የሚያድር ጥገኛ ነው። እንደዚሁም «ህላፍ» በቁሙ ሲጠቀስ ዳቦ መባል ይገባዋል፤ እንጀራ የሚለው ቃል ተስማሚ የሚሆነው መተዳደሪያን ወይም ኑሮን በሚያመለክትበት ሥፍራ ብቻ ነው። ህላፎርድም በጽሑፉ አካል ውስጥ «ጌታ» ተብሎ ቢተረጎም ስሕተት የለበትም፤ በመጀመሪያ በተጠቀሰበት ሥፍራ ግን «ዳቦ ጠባቂ» የሚለው ፍቺ አብሮ ቢሰጥ አንባቢው ጌትነቱ ከምን እንደ መነጨ ይረዳል። የጌታው ግዴታ በመጀመሪያ ማብላት ነበርና።

4. ነጻው ገበሬና ስሙ

ከሕዝቡ መካከል ነጻ የሆነው ተራ ሰው «ቸኦርል» ይባል ነበር። ቃሉ «ሰው»፣ «ወንድ»፣ «ባል» የሚሉትንም ፍቺዎች ይይዛል። ይህን ቃል «ገባር» ወይም «ጭሰኛ» ብሎ መተርጎም የተለመደ ፈተና ነው። ሕጉ ግን ይህንን አይደግፍም። በኤቴልበርት ሕግ የንጉሥን ከለላ የጣሰ ሰው 50 ሽልንግ ሲከፍል፣ የቸኦርልን ከለላ የጣሰ ደግሞ 6 ሽልንግ ይከፍላል። መጠኑ እጅግ ቢለያይም የመብቱ ዓይነት አንድ ነው፤ ቸኦርልም እንደ ንጉሡ የራሱ ከለላ አለው። ከዚህም በላይ የቸኦርል ዳቦ በላተኛ የተገደለበት እንደ ሆነ 6 ሽልንግ ለቸኦርሉ ይከፈለዋል። ስለዚህ ቸኦርል በልኩ ዳቦ ጠባቂ ነው እንጂ የሌላው ጥገኛ አይደለም። «ጭሰኛ» የሚለው ቃል ደግሞ በ1975 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ እስከ ሻረው ድረስ የነበረውን የኢትዮጵያ የመሬት ሥርዓት የሚያስታውስ ስለ ሆነ፣ በኬንቱ ገበሬ ላይ ያልነበረበትን ቀንበር ይጭንበታል።

ለዚህ ቃል በእኛ አስተያየት የሚስማማው «ባላገር» ነው። ባላገር ማለት በሥሩ «ባለ አገር»፣ አገር ያለው ማለት ሲሆን፣ ከጊዜ በኋላ በከተማ ሰው አፍ የገጠሬነትና ያልሠለጠነ ሰው ትርጉም እንደ ተጨመረበት የታወቀ ነው። ቸኦርልም ልክ በዚሁ መንገድ ሄዶ በዛሬው እንግሊዝኛ ባለጌና ጨዋነት የጎደለው ሰው መጠሪያ ሆኗል። ሁለቱ ቃላት በመነሻቸውም በውድቀታቸውም ስለሚመሳሰሉ፣ እንዲህ ያለ አቻ በቀላሉ አይገኝም።

በኬንት ከቸኦርል በታች፣ ከባሪያም በላይ የነበረው ክፍል «ላት» ይባል ነበር። የደሙ ዋጋ እንደ ደረጃው 80፣ 60 ወይም 40 ሽልንግ ነበር። ቃሉን እንዳለ መውሰድ አይቻልም፤ ላት በአማርኛ የበግ ላት ነውና። «ከፊል ነጻ» ብሎ መፍታት ይሻላል።

5. የደም ዋጋ

የኤቴልበርት ሕግ አብዛኛው ክፍል የካሳ ዝርዝር ነው። ነጻ ሰው የገደለ 100 ሽልንግ ይከፍላል፤ ዓይን ያጠፋ 50፤ አውራ ጣት የቆረጠ 20፤ የመሐል ጣት 4፤ «የወርቅ ጣት» የተባለው የቀለበት ጣት 6፤ ትንሿ ጣት ደግሞ 11። ጠቋሚው ጣት «የመወርወሪያ ጣት» ይባላል፤ ቀስት የሚሳብበት በመሆኑ ነው። እኛ ይህንኑ ጣት «ሌባ ጣት» እንለዋለን። ተርጓሚው እዚህ ላይ በአማርኛው ስያሜ ቢጠቀም የአካሉን ክፍል በትክክል ያሳውቃል፤ ነገር ግን የኬንቱ ሰው ጣቱን ሲያይ ያየው የነበረውን ቀስት ይሰውርበታል።

የሰው ዋጋ «ዌርጊልድ» ይባላል፤ «ዌር» ሰው፣ «ጊልድ» ክፍያ ነው። በዌሴክስ ሰዎች በዚሁ ዋጋቸው ይጠሩ ነበር፤ «ትዌልፍሂንዴ» ማለት «ባለ 12 መቶ»፣ «ትዊሂንዴ» ማለት «ባለ 2 መቶ» ነው። የአማርኛው «ባለ» የሚለው ቅጥያ ይህን አሰያየም ያለ ምንም ችግር ይሸከማል። ለዌርጊልድም «የደም ዋጋ» ወይም በአገራችን የታወቀው «ጉማ» ተስማሚ ነው፤ በሁለቱም ወገን የሟች ዘመድ ከበቀል ይልቅ ካሳን እንዲቀበል የሚያደርግ ሥርዓት ስለ ሆነ፣ ነገሩ ሳይዛባ ቃሉ ይገጥማል።

ሥርዓቱ የወረቀት ሕግ ብቻ እንዳልነበረ ቢድ ያስረዳል። በ679 በትሬንት ወንዝ አጠገብ የኖርተምብርያና የመርሲያ ሠራዊት ሲዋጉ፣ የኖርተምብርያው ንጉሥ የኤክፍሪት ወንድም ኤልፍዊን ተገደለ፤ ዕድሜው 18 ገደማ ነበር። በሁለቱም አገር የተወደደ ወጣት ስለ ነበረ ረዥም ጦርነት ይነሣል ተብሎ ተፈራ። ከጠርሴስ የመጣው ሊቀ ጳጳስ ቴዎዶር ግን አስታረቃቸው፤ ለንጉሡ ወንድም ደም የሌላ ሰው ነፍስ አልጠፋም፣ የሚገባው ካሳ ተከፍሎ ሰላም ወረደ። አንድ ቃል፣ እርሱም በሽልንግ የተለካ ቃል፣ ሁለት መንግሥታትን ከመተላለቅ አዳነ።

6. አንደበቱ ያጋለጠው ሰው

ከዚያው ጦርነት ጋር የተያያዘ ሌላ ታሪክ ለቋንቋ አጥኚ ልዩ ዋጋ አለው። ኢማ የተባለ የኖርተምብርያ ባለሟል ቆስሎ ከሬሳ መካከል ወድቆ ቈየና ሲነሣ ተማረከ። ወደ አንድ የመርሲያ መኰንን በቀረበ ጊዜ ወታደር መሆኑን ለመናገር ፈርቶ፣ «ድኻ ባላገር ነኝ፤ ሚስት አለኝ፤ ለሠራዊቱ ስንቅ ላደርስ ነው የመጣሁ» የሚል ቃል ሰጠ። መኰንኑም ቁስሉን አሳከመለት። ውሎ ሲያድር ግን ከፊቱ፣ ከአኳኋኑና ከንግግሩ የተነሣ ከጨዋ ወገን መሆኑ ታወቀበት። መኰንኑ ወንድሞቹና ዘመዶቹ በዚያ ጦርነት ስላለቁበት ሞት እንደሚገባው ነገረው፤ ነገር ግን ቃል ገብቶለት ስለ ነበር አልገደለውም፤ ለንደን ላይ ለአንድ የፍሪዝያ ነጋዴ ሸጠው። በኋላም ኢማ ቤዛውን ከፍሎ ነጻ ወጣ።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገሮችን እንማራለን። አንደኛ፣ ባላገርና ባለሟል በልብስ ብቻ ሳይሆን በአነጋገር ይለዩ ነበር። ሁለተኛ፣ ባላገሩ ለሠራዊቱ ስንቅ ማቅረቡ ማንም የሚያምነው የተለመደ ነገር ነበር። ሦስተኛ፣ ነጻ የነበረ ሰው በአንድ ቀን ባሪያ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የመደብ ስያሜዎችን የሚተረጉም ሰው፣ እነዚህ ቃላት ለሰዎቹ የሕይወትና የሞት ጉዳይ እንደ ነበሩ መዘንጋት የለበትም።

የመኰንንነት ስሙም መመርመር አለበት። በኢኔ ሕግ የጌታ ተከታይ «ገሲት» ይባላል፤ «ሲት» መንገድ ስለ ሆነ ቃሉ «የመንገድ ጓድ» ማለት ነው። «ጓድ» ብቻ ተብሎ ቢተረጎም ግን በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ቃሉ ያገኘው የፖለቲካ መጠሪያነት ጣልቃ ይገባል። «ባልንጀራ»ም ለእኩያ እንጂ ለተከታይ ስለማይሆን አይስማማም። «የጌታ ተከታይ» የሚለው ሐረግ ከሁሉ የተሻለ ነው። በኋላ ዘመን ገሲትን የተካው «ቴግን» ሲሆን፣ መነሻው ብላቴና፣ አገልጋይ ማለት ነው። ከአገልጋይነት ወደ ሹመት የሚወጣ ቃል ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ «ብላቴን ጌታ» የሚለው ማዕርጋችን በውስጡ ብላቴናን ይዟል። ስለዚህ ለቴግን «ባለሟል» የሚለውን እናቀርባለን።

7. በጦር ወገንና በእንዝርት ወገን

በመቃብሮቹ ውስጥ ከብዙ ወንዶች ጋር ጦርና ጋሻ፣ ከሴቶች ጋር ደግሞ የልብስ ማያያዣ ጌጥ፣ ዶቃና ከመቀነት የሚንጠለጠል ቁልፍ መሰል ዕቃ ተቀብሮ ይገኛል። ቋንቋውም ይህንኑ ክፍፍል ይመሰክራል። ንጉሥ አልፍሬድ በኑዛዜው የአባት ወገን ዘሩን «የጦር ወገን»፣ የእናት ወገኑን «የእንዝርት ወገን» ብሎ ጠርቷል። ይህ አነጋገር ቃል በቃል ወደ አማርኛ ቢመለስ ምንም አይጐድለውም፤ ጦርና እንዝርት ለእኛም ገበሬ ቤት የታወቁ ናቸውና።

አንዳንድ ቃል ግን እስካሁን አከራካሪ ነው። የኤቴልበርት ሕግ ስለ ነጻ ሴት ሲናገር «ሎክቦሬ» የሚል ቅጽል ይጨምርባታል። ከሊቃውንቱ ከፊሎቹ ቃሉን «ባለ ዞማ ጠጕር» ብለው የነጻነት ምልክት ከሆነው ረዥም ጠጕር ጋር ያያይዙታል፤ ሌሎቹ «ቁልፍ ያዥ» ብለው የቤቱን ንብረት የምትጠብቅ እመቤት ያደርጓታል። በመቃብር የሚገኘው ቁልፍ መሰል ጌጥ ሁለተኛውን ሐሳብ የሚያግዝ ይመስላል። ተርጓሚው ከሁለቱ አንዱን መርጦ ሌላውን በማብራሪያ ቢያሳውቅ ክርክሩ ለአንባቢው ይተርፍለታል።

በዚሁ ሕግ ወንድ ልጃገረድን «ይገዛል» ይላል። የግሡን ፍቺ በቁሙ የወሰደ ሰው ሴቲቱን ሸቀጥ ያደርጋታል። ሆኖም ያው ሕግ፣ ልጅ የወለደች ሚስት ባልዋ ቀድሞ የሞተ እንደ ሆነ ከንብረቱ እኩሌታውን እንድትወስድ ይፈቅድላታል። ሸቀጥ ንብረት አይካፈልም። ስለዚህ «ማጫ ሰጥቶ ቢያገባ» ማለት ለነገሩ ይቀርባል።

ከሴቶቹ ዕቃ መካከል አንዱ ወደ እኛ አካባቢ ያመለክታል። የመቀነት ከረጢታቸውን አፍ የሚወጥረው ቀለበት ብዙ ጊዜ ከዝሆን ጥርስ የተሠራ ነበር። በሊንከንሻየር ግዛት ስክሬምቢ በተባለው መቃብር የተገኙትን ቀለበቶች የመረመረና በ2023 የታተመ ጥናት፣ ጥርሱ የአፍሪካ ዝሆን መሆኑንና ዝሆኖቹም በምሥራቅ አፍሪካ የስምጥ ሸለቆ አካባቢ የኖሩ ሊሆኑ እንደሚችሉ አመልክቷል። በዚያን ዘመን በዝሆን ጥርስ ንግድ የታወቀው የአክሱም መንግሥት ነበር። የጥንቱ እንግሊዝኛ ይህን ነገር «የዝሆን አጥንት» ይለዋል፤ እኛ ዝሆኑን በቅርብ የምናውቀው ግን «የዝሆን ጥርስ» እንላለን።

8. መሬት፣ ግብርና ባዕድ

የመሬት መለኪያው «ሂድ» ይባል ነበር። በአማርኛ ፊደል ሲጻፍ ከትእዛዝ ግሥ ጋር ስለሚጋጭ እንዳለ ሊወሰድ አይችልም። ብዙ ሰው «ጋሻ» ብሎ ሊተረጉመው ይፈልግ ይሆናል፤ ሂድ በኋለኛው ዘመን እንደ 120 ኤከር ይቈጠር ስለ ነበር ስፋቱ ከጋሻ መሬት ብዙም አይርቅም። ነገር ግን የቃሉ ሥር ቤተሰብ ነው፤ ቢድም በላቲን «የአንድ ቤተሰብ መሬት» ብሎ ይፈታዋል። ጋሻ የጦር መሣሪያን፣ ሂድ ደግሞ የሚበላን አፍ ያስታውሳል። ስለዚህ «የቤተሰብ መሬት» የተባለ እንደ ሆነ ልኩም ሐሳቡም ይጠበቃል።

በኢኔ ሕግ ከ10 ሂድ መሬት ለጌታው የሚገባው ቀለብ ተዘርዝሯል፤ 10 ማድጋ ማር፣ 300 ዳቦ፣ 12 አምበር የዌልሽ ጠላና 30 አምበር የጠለለ ጠላ፣ 2 ያደጉ ከብቶች ወይም 10 ሙክት በግ፣ 10 ዝይ፣ 20 ዶሮ፣ 10 አይብ፣ አንድ አምበር ቅቤ፣ 5 ሳልሞን፣ መኖና 100 እባብ መሰል ዓሣ። አምበር የፈሳሽ መስፈሪያ ነው። እዚህ ላይ ተርጓሚው «ቢራ» የሚለውን የውሰት ቃል ትቶ «ጠላ» ቢል፣ ከማር የሚጠመቀውንም መጠጥ «ጠጅ» ቢል ከነገሩ ጋር ይበልጥ ይስማማል፤ የጌቶቹም የመጠጥ ቤት «የጠጅ አዳራሽ» ነው።

«የዌልሽ ጠላ» የሚለው ስያሜ ወደ መጨረሻው ቃላችን ያደርሰናል። «ዌልህ» ማለት በመጀመሪያ ባዕድ ማለት ነበር። ከባሕር ማዶ የመጡት ሰዎች የደሴቲቱን ነባር ሕዝብ በዚህ ስም ጠሩት። በኢኔ ሕግ አንድ ሂድ መሬት ያለው ዌልህ የደም ዋጋው 120 ሽልንግ፣ መሬት የሌለው ደግሞ 60 ሽልንግ ነው፤ ተራው ሳክሶን ግን ባለ 200 ነው። ከጊዜ በኋላ ቃሉ «ባሪያ» የሚል ፍቺ ጨመረ፤ ዛሬም የዌልስ ሕዝብ በእንግሊዝኛ የሚጠራው ከዚሁ በወጣ ስም ነው። ባለአገሩ ባዕድ የተባለበት፣ ባዕድነቱም ወደ ባርነት የተለወጠበት ታሪክ በአንድ ቃል ውስጥ ተቀብሯል። ይህንን ቃል በየሥፍራው «ባሪያ» ወይም በየሥፍራው «ዌልሽ» ብሎ መተርጎም አይገባም፤ ዓረፍተ ነገሩ የተጻፈበት ዘመን መታየት አለበት።

9. ማጠቃለያ

ከላይ ከተመለከቱት ምሳሌዎች ሦስት የአሠራር መንገዶች ይገኛሉ። ነገሩ በእኛም ዘንድ ካለ የራሳችን ቃል ይበቃል፤ የደም ዋጋ፣ ጠጅ፣ ጠላ፣ የእንዝርት ወገን፣ ባላገር ከዚህ ክፍል ናቸው። ነገሩ ቢመሳሰልም የእኛው ቃል የራሱን ታሪክ ይዞ የሚገባ ከሆነ ገላጭ ሐረግ ይሻላል፤ የቤተሰብ መሬት፣ ከፊል ነጻ፣ የጌታ ተከታይ እንዲህ ያሉ ናቸው። ቃሉ ራሱ የታሪክ ማስረጃ በሆነበት ሥፍራ ግን፣ እንደ ህላፎርድና እንደ ዌልህ፣ የጥንቱን ስም ከነፍቺው መስጠት ግዴታ ነው።

ገባር፣ ጭሰኛና ባላባት የሚሉት ቃላት ከዚህ ዝርዝር የወጡት ክብር ስለ ጐደላቸው አይደለም። የራሳቸው ታሪክ ያላቸው፣ ገና በሚገባ ያልተጠና የራሳቸው ኅብረተሰብ ምስክሮች በመሆናቸው ነው። ለሌላ ሕዝብ ታሪክ በውሰት የተሰጡ እንደ ሆነ የዚያንም ሕዝብ ኑሮ ያደበዝዛሉ፤ የራሳችንንም ምስክርነት ያሳጡናል።